መሬት ብትንቀጠቀጥ ሰው ይነሣ ወይስ ቤቱ ይጥበቅ?

ከአንድ ዘማች ተማሪ፣ ኩልመስክ



እኔ ከእናንተ ዘንድ ፊደል ላስቆጥር የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ ገና 20 ነው። ስለዚህ ብዕር ያነሣሁት እናንተን ለመምከር አይደለም። እናንተው የጠየቃችሁኝን ጥያቄ መልሼ ከፊታችሁ ላኖረው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማታ በትምህርት ላይ "መሬት" የሚለውን ቃል በሰሌዳ ጻፍሁ። መ፣ ሬ፣ ት እያልን ስንቆጥር፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። "ልጄ፣ እስቲ ፊደሉን ትንሽ አቆየውና አንድ ነገር ልጠይቅህ። አፋር ላይ መሬት ተንቀጠቀጠች፣ ሰዉም ከቀየው ተነሣ ሲባል በራዲዮ ሰምተናል። እኛ ዘንድ የመጣ እንደሆነ እኛንም ያነሡን ይሆን? ወዴትስ ይወስዱናል?" አሉኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም መልስ አጣሁ። "ነገ እነግርዎታለሁ፣ አባባ" ብዬ አመለጥሁ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አነበብሁ፤ ያወቁትን ጠየቅሁ፤ ግንበኛም ዘንድ ሄድሁ። ያ "ነገ" ያልኳቸው ቀን እንግዲህ ዛሬ ነው።

መሬት ለምን ትንቀጠቀጣለች?

የምንረግጣት መሬት ከላይ ስናያት አንድ ወጥ ትመስላለች። ወጥ ግን አይደለችም። እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ በትላልቅ ቁራጮች የተከፈለች ናት። ከነዚህ ቁራጮች ሦስቱ የሚገናኙት በኛው አገር፣ በአፋር ምድር ነው። አንዱ ዐረብ አገርን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ሱማሌንና የሕንድ ውቅያኖስን ዳር ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው እኛ የተቀመጥንበት የአፍሪካ ምድር ነው። ሦስቱ እጅግ በዝግታ ይለያያሉ። ፍጥነታቸው የጣት ጥፍር ከሚያድገው እንኳ ያነሰ ነው።

አለቱ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አይላቀቅም። ተያይዞ ይቆያል፤ ይወጠራል። በመጨረሻም ከመጠን በላይ እንደ ተወጠረ ጠፍር ይበጠሳል። ጠፍር ሲበጠስ እጅን እንደሚመታ ሁሉ፣ አለቱም ሲበጠስ ምድርን ይመታል። የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከምድር ውስጥ የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲገፋ ምድሪቱን ሰንጥቆ ያንቀጠቅጣታል።

ኩልመስክም ሆነ ሌላው ላስታ ከስምጥ ሸለቆው መሐል አይደለም። ደጋው ላይ ነው። ነገር ግን ከወልድያና ከቆቦ በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር ቁልቁል የሚወርድበት አፋፍ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አፋፉ ራሱ የተፈጠረው በዚሁ መለያየት ነው። እንግዲህ "እኛ ዘንድ አይደርስም" ብሎ መማል አይቻልም። "ነገ ይመጣል" ብሎ ሰውን ማስደንገጥም ውሸት ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሊቅ በዓለም ላይ የለም። ቀኑን ነገርኋችሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት።

አንዳንድ ሽማግሌዎች "ይህስ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?" ይላሉ። ከእሳቸው ጋር ልከራከር አልተነሣሁም። ነገር ግን ደመና ሲከብድ እየጸለይን የአዝመራውን ክምር እንከድን የለምን? ጸሎቱ ክዳኑን አልከለከለንም። ለቤታችንም እንደዚሁ ነው።

በአገራችን የሆነው

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት 24 ቀን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሆነ። ማጀቴ ፈረሰች። ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎዳች። ዋናው መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ጨርሳ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር በሰሜን አፋር፣ በዳባሁ በኩል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተከፈተች። ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ደረሰ።

የቅርቡን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። በታኅሣሥ ወር በረታ። እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ሲወጣ ታየ። አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከሕንፃ እየወጣ አደረ። መንግሥት 80 ሺሕ ያህል ሰው ከአደጋው አካባቢ ለማንሣት መነሣቱን አስታወቀ። የአርብቶ አደሩ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ ተሰነጠቀ። የካቲት 7 ቀን የመጣው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ገደማ ደርሶ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 25 ቀን ሌሊት በአፍጋኒስታን አገር፣ ኩናር በሚባል ተራራማ ክፍለ አገር፣ መሬት ተንቀጠቀጠች። ልኩ እዚያም 6 ነበር። በአዋሽ ፈንታሌ በገፍ የሰው ሕይወት አልጠፋም። በኩናር ግን ከ2 ሺሕ በላይ ሰው አለቀ። ልኩ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ሞቱ ለምን ይህን ያህል ተለያየ?

በአዋሽ ፈንታሌ ብዙው ሰው አስቀድሞ ከቦታው ተነሥቶ ነበር። የአርብቶ አደሩም ጎጆ ቀላል ነው፤ ቢወድቅ አይጨፈልቅም። የኩናር ገበሬ ግን ተዳፋት ላይ በድንጋይና በጭቃ በሠራው ቤት ውስጥ ተኝቶ ነበር። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። የሚገድለው ራስ ላይ የሚወርደው ግድግዳ ነው።

ተዳፋት ላይ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት! ይህ የማን ቤት ነው? ይህ የእኛው የላስታ ቤት አይደለምን?

የላስታ ቤት

የላስታ ሰው በድንጋይ ሥራ የታወቀ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የፈለፈለ እጅ የዚህ አገር እጅ ነው። ክቡ የድንጋይ ቤታችንም፣ ከታች ከብት ከላይ ሰው የሚያድርበት፣ ውርጭ የማያልፈው፣ የአባት ቅርስ ነው። ልናፍርበት አይገባም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። አብያተ ክርስቲያናቱ ወጥ ናቸው። ግድግዳው፣ ዓምዱና ጣራው አንድ አለት ነው። የእኛ ቤት ግን የብዙ ድንጋይ ስብስብ ነው። የሚያያይዘው ጭቃ ብቻ ነው። ጭቃ ደግሞ ሸክም ይችላል እንጂ ንቅናቄ አይችልም።

ይህንን የነገሩኝ አንድ ግንበኛ አባት ናቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ ናቸው። እኔ ፊደል ሳስተምራቸው እሳቸው ግንብ አስተማሩኝ። "ግንብ ሁለት ፊት አለው፤ የውጭና የውስጥ። መሐሉን በጠጠርና በጭቃ እንሞላዋለን። ሁለቱን ፊት የሚያያዝ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ካልገባበት፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመው እጅ ለእጅ እንዳልተያዙ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። ሲገፉት አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ይወድቃል" አሉኝ።

"ታዲያ ሁሉም ቤት እንዲህ አያያዥ ድንጋይ አለው ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሳቅ አሉ። "ኧረ ልጄ! የጥንቱ ይሻላል። ዛሬማ ሰው ይቸኩላል። ረጅም ድንጋይ ፈልጎ፣ ጠርቦ፣ ለማምጣት ቀን ይፈጃል። ባለቤቱ ቶሎ ጨርስልኝ ይላል። እኛም ቶሎ እንጨርሳለን" አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። የቤታችን ዕጣ በመንቀጥቀጡ ቀን ብቻ የሚቆረጥ አይደለም። "ቶሎ ጨርስልኝ" ባልን ቀን ተቆርጧል።

ሩቅ መሆን ምን ማለት ነው?

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 3 ቀን ሌሊት በሞሮኮ አገር፣ በአትላስ ተራሮች፣ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። 3 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ሞተ። 60 ሺሕ የሚጠጋ ቤት ፈረሰ ወይም ተጎዳ። ብዙዎቹ ሟቾች ልክ እንደ እኛ በተራራ ላይ፣ በድንጋይና በጭቃ ቤት የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከአቀበቱ የተናደ ድንጋይ መንገዱን ዘጋው። መኪና የማይደርስበት መንደር ዱቄትና ብርድ ልብስ የደረሰው በአህያና በበቅሎ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ፍርስራሹን በእጁ የቆፈረው ጎረቤት ነው። ወታደሩም፣ ሐኪሙም፣ የውጭ ረዳቱም የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኛስ? ከወልድያ በድልብ አድርጎ ኩልመስክ ላይ የሚወጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲሆን ትንሽ ናዳ እንኳ ቢወርድበት ስንት ቀን ይቆማል? ከመንገዱ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ጎጥማ ምን ይሁን? ሩቅ መሆን ማለት ይህ ነው። በሩቅ አገር የመጀመሪያው አዳኝ ጎረቤት ነው። የሁለተኛው ቀን አዳኝም ጎረቤት ነው። ምናልባት የሦስተኛውም።

ሌላም ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ 17 ቀን በኔፓል ተራሮች መንቀጥቀጡ ሲመጣ 9 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ሞተ። የኔፓል መንደሮች ወጣት ወንድ ጎድሏቸው ነበር። ብዙው ለሥራ ዐረብ አገር ሄዷል። ስለዚህ ምሰሶ ያነሡት፣ ድንጋይ የፈነቀሉት ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። የወሎ ወጣትስ ዛሬ የት ነው? ከየቤቱ አንዱ ወደ ወልድያ፣ አንዱ ወደ ኮምቦልቻ፣ አንዱ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄዶ የለም ወይ? ይህን የምለው ወጣቱን ልወቅስ አይደለም። እኔም ወጣት ነኝ፤ መሬቱ እንደ ጠበበ አውቃለሁ። ነገር ግን ምሰሶ የሚያነሣ ክንድ ከሌለ፣ መንቀጥቀጡ የሚጨርሰው እኛው የጀመርነውን ነው።

ይነሣ ወይስ ይቆይ?

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። አደጋ ቢደርስ ሰው ከቀየው ይነሣ?

"ይነሣ" የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውን በቅንነት ላቅርብ። "በየተራራው ጫፍ ለተበተነ ቤት መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መብራት ማድረስ አይቻልም። አደጋ በመጣ ቁጥር ብዙ ገንዘብ ከማፍሰስ፣ ሰዉን ሜዳ ላይ ሰብስቦ አዲስ ቀዬ መሥራት ይሻላል" ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ከአዋሽ ፈንታሌ ሰው በጊዜ ባይነሣ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማን ያውቃል?

ነገር ግን ሁለት ዓይነት መነሣት አለ። አንዱ ለጊዜው ከአደጋ መሸሽ ነው። እሳት ሲነድ ከቤት መውጣት ማለት ነው። ይህን የሚቃወም የለም። ሌላው ግን ለሁልጊዜ ከመሬት መነቀል ነው። በሁለተኛው ላይ የላስታ ሰው የሚናገረው አለው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ከወሎና ከሌሎችም ክፍለ አገሮች ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተወስዶ ሰፈረ። በአገር ደረጃ ቁጥሩ ወደ 600 ሺሕ ተጠግቶ ነበር። አንዳንዱ ወዶ ሄደ። ብዙው ሳይጠየቅ ተወሰደ። ቤተሰብ ተለያየ። የደጋ ሰው ቆላ ገብቶ በወባ አለቀ። ስንቱ በእግሩ እየተመለሰ መንገድ ላይ ቀረ! ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በየቤታችሁ የአንድ ሰው ስም አለ። የዚያን ጊዜ መከራ የመጣው በድርቅ እንጂ በመንቀጥቀጥ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የሰው ኑሮ ቤት ብቻ አይደለም። እርሻው፣ ግጦሹ፣ ምንጩ፣ ገበያው፣ ዕድሩ፣ የአባቱ መቃብርም ኑሮው ነው። ቤቱን አንሥተህ ሌላ ቦታ ብትተክለው፣ እርሻው አይከተልህም።

እስቲ ማጀቴንና ካራ ቆሬን ተመልከቱ። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈረሰች ብያችኋለሁ። ዛሬ ማጀቴ አለች። ካራ ቆሬም አለች። ሰዉ ተመልሶ የሠራው፣ እርሻውና ገበያው እዚያው ስለ ነበር ይመስለኛል።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይኸው ነው። ሰው ሳይጠየቅ ከቀየው አይነሣ። የሚነሣ ቤት ቢኖር ገደል ሥር ወይም የተሰነጠቀ አፋፍ ላይ ያለው ይነሣ። እሱም ወደ ሌላ ክፍለ አገር ሳይሆን፣ እዚያው በቀበሌው ውስጥ ደህና ቦታ ተመርጦለት፣ ከእርሻው ሳይርቅ። የቀረው ቤት ግን ይጥበቅ።

"ይህ የሚቻል ነገር ነው ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ኔፓሎች አድርገውታል። መንግሥታቸው ቤቱ ለፈረሰበት ባለቤት 300 ሺሕ የኔፓል ሩፒ መደበ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አልሰጠም። በሦስት ከፍሎ ሰጠ። መሠረቱ ሲታይ አንዱ፣ ግድግዳው ሲታይ አንዱ ይከፈላል። ግንቡ ካልተያያዘ ቀጣዩ ክፍያ የለም። ግንበኞቻቸውን አሠለጠኑ። ቤቱን የሠራው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው፤ በብዙ ቦታም በዚያው በድንጋዩና በጭቃው፣ በዚያው በአባቱ ቦታ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ያለ ቅሬታም አላለፈም። ሆኖም ሰዉ በተራራው ላይ ቀረ።

አሁን በእጃችን ያለው

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ዛሬ በእጃችን ያለውን ልቁጠር። የማኅበር ስብሰባ ሲሆን አንሡትና ተነጋገሩበት።

አንደኛ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ አያያዥ ድንጋይ ያግባ። ወደ ላይ በየክንዱ፣ ወደ ጎን በየሁለት ክንዱ ቢሆን መልካም ነው። በግንቡም ላይ መቀነት ይታሰር። አንዱ ከበሩና ከመስኮቱ በላይ፣ አንዱ ከጣራው ሥር፣ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚያዞር እንጨት ማለቴ ነው። ለክብ ቤት አጫጭር እንጨት ተቀጣጥሎ በሚስማር ይያያዛል። ሴት ልጅ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ከባድ ሸክም እንደምትሸከም፣ ቤትም መቀነት ካለው ይጸናል።

ሁለተኛ፣ አቅም የሌለው ሰው ማገሩ የጠበቀ የእንጨትና የጭቃ ቤት ቢሠራ አይፈር። እንጨቱ እርስ በርሱ ስለ ተጠላለፈ ሲነቀነቅ ይተጣጠፋል እንጂ እንደ ልቅ ድንጋይ አይናድም። የድንጋይ ቤት የሀብታም፣ የጭቃ ቤት የድሃ ነው የሚለውን ትዕቢት እንተወው።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው ከሁሉ በፊት ይታይ። በኔፓል በሺሕ የሚቆጠር የመማሪያ ክፍል ፈርሷል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ትምህርት የሌለበት ቀን ስለ ነበር ነው ልጆቹ የተረፉት። የእኛን ልጆች በቅዳሜ ዕድል ላይ አንጣላቸው።

አራተኛ፣ ዘርን በአንድ ጎተራ ብቻ አታኑሩ። ቤት ከነጎተራው ቢወድቅ የከርሞው እርሻ አብሮ ይቀበራል። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ጥቂት ጥቂት ይቀያየር።

አምስተኛውን የሰጡኝ በክፍል የሚማሩ አንዲት እናት ናቸው። "ወንዶቹ ስለ ግንብ ታወራላችሁ፤ ውሃውስ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከመንቀጥቀጥ በኋላ ምንጭ ሊደርቅ፣ ሊደፈርስ ወይም ቦታ ሊቀይር ይችላል። እንግዲህ በየጎጡ ሁለተኛ ምንጭ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ይጠረግ፤ ይታጠር።

ስድስተኛ፣ ድጅኖ፣ አካፋ፣ ገመድና ቃሬዛ የማን ቤት እንዳለ ይታወቅ። ማን ቆፋሪ፣ ማን ተሸካሚ፣ ማን ጠባቂ እንደሆነ ይመደብ። ጠባቂ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን ከብርቱ ዝናብ በኋላ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበረ ወገናቸውን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው። ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ቸርነታቸው ገደላቸው። ስለዚህ ቆፋሪው ሲቆፍር አንድ ሰው ዓይኑን ከአቀበቱ ሳይነቅል ይቁም፤ አፈር ሲንሸራተት ቢያይ ይጩህ።

ሰባተኛ፣ በመንቀጥቀጡ ሰዓት ደጅ ያለ ደጅ ይቆይ፤ ከግንብ፣ ከገደልና ከትልቅ ዛፍ ይራቅ። በር አጠገብ ያለ ቶሎ ወደ ሜዳ ይውጣ። መውጣት ያልቻለ ከጠንካራ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን። ጋብ ሲልም ወደ ተሰነጠቀ ቤት አይመለስ። ታናናሽ መንቀጥቀጦች ይከተላሉና።

ይህ ሁሉ የገበሬው ድርሻ ነው። ከመንግሥት የምንጠይቀውም አለ። የግንበኞች ሥልጠና፣ የመንገዱን ናዳ በቶሎ የሚጠርግ መኪና በአቅራቢያ እንዲኖር፣ ለመቀነት የሚሆን እንጨትና ብረት ማገዝ፣ አደጋም ቢደርስ ሰው ሳይጠየቅ እንዳይነሣ። ይህን መለመን ሳይሆን መጠየቅ ነው። ነገር ግን እኛ የድርሻችንን ካልሠራን የምንጠይቅበት አፍ አይኖረንም።

ብዕርና ደብተር

"ታዲያ ፊደሉ ምን ያደርግልናል?" የሚል ይኖራል። ብዙ ያደርጋል።

ስለ አገራችን የድሮ መንቀጥቀጦች የምናውቀው አንድም የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው። ፒየር ጉዋን የሚባሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመንቀጥቀጥ ምርምር ያቋቋሙ ካናዳዊ ሊቅ፣ ከታሪከ ነገሥትና ከመንገደኞች ጽሑፍ ሳይቀር ለቅመው በ1971 ዓ.ም. ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። የገበሬው ግን በቃል ቀረ። አያቶቻችን ያዩት ናዳ፣ የደረቀው ምንጭ፣ የተሰነጠቀው አፋፍ ከነሱ ጋር ተቀበረ። ከእንግዲህ እንዲህ አይሁን። ማኅበሩ አንድ ደብተር ይግዛ። መሬት የተንቀሳቀሰችበት ቀንና ሰዓት፣ ናዳ የወረደበት ቦታ፣ የተሰነጠቀ ቤት ይጻፍበት። ጸሐፊውም ከእናንተ ከአዲስ አንባቢዎቹ አንዱ ይሁን።

ሌላም አለ። አደጋ በደረሰበት አገር ሁሉ ከመንቀጥቀጡ ቀጥሎ የሚመጣው የስም ዝርዝር ነው። ቤቱ የፈረሰበት ማን ነው? እርዳታ የሚገባው ማን ነው? በሞሮኮ ስማችን ተዘለለ ብለው ያለቀሱ ብዙ ናቸው። ማንበብ የሚችል ሰው ዝርዝሩ ላይ ስሙን ይፈልጋል። ካጣው ይጠይቃል። ማንበብ የማይችል ግን "አለህበት" ሲሉት አምኖ ይሄዳል። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁንም ግንብ ሥር አታኑሩት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ቶሎ ይዛችሁ ልትወጡበት በምትችሉት ቦታ አኑሩት። ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸው መኖሩን ዛሬ ራሳችሁ አንብቡ። ባሏ የሞተባት ሴት ከአደጋ በኋላ "የማን መሬት ነው?" ተብላ እንዳትጠየቅ።

አባባ፣ እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ይመጣ ወይም አይመጣ እንደሆነም አላውቅም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ቤቱ የጠበቀ፣ ዘሩ የተከፋፈለ፣ ስሙ የተጻፈ ሰው "ከዚህ ተነሣ" ቢሉት "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ቤቱ አፈር የሆነበት፣ ዘሩ የተቀበረበት፣ ስሙ የጠፋ ሰው ግን ወደ ወሰዱት ይሄዳል። የሩቅ አገር ዕጣ የሚወሰነው ከመንቀጥቀጡ በኋላ በሚመጣው መኪና ሳይሆን፣ ከመንቀጥቀጡ በፊት በምናስገባት አንዲት ረጅም ድንጋይ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ረጅም ድንጋይ ጠርቦ ማምጣት ለአንድ ሰው ቀን ቢፈጅ፣ ለደቦ ግን የጥዋት ሥራ ነው። በመጪው በጋ ከግንበኛው አባት ጋር የመጀመሪያውን ቤት፣ የአንዲት ባሏ የሞተባትን እናት ቤት፣ በደቦ ለማጠንከር ተነጋግረናል። እኔም ድንጋይ ተሸካሚ ነኝ። ኑ፣ አግዙን። ሠርተን ስንጨርስም ከናንተ አንዱ በማኅበሩ ደብተር ላይ ቀኑን ይጻፍልን።